ሦስተኛውን መደብ ማን አጠጣው?

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ።

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለኡበይደላ። እንደምን ከርመሃል? ሰውነትህስ እንዴት ነው? ስልክ በነበረ ጊዜ እሰማው የነበረው ሳል ለቀቀህ? የስፔንን ብርድ ለመድከው ወይስ ዛሬም ሁለት ካልሲ ደርበህ ነው የምትተኛው? ምግቡስ፣ ትምህርቱስ፣ አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አባባ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው በቀር ደህና ናቸው። እማዬም ደህና ናት። ባለቤቴ አብዱልሐሊምና ልጆቹም ደህና ናቸው። ጦርነቱ ከቤታችን ሰው አልወሰደም። ይህን ስጽፍ ግን ሰው የተወሰደባቸው ጎረቤቶቻችን እንዳይሰሙኝ የምፈራ ይመስል እጄ ይከብደኛል።

ሰላምታዬ ይኸው ነው። አሁን ንዴቴን ስማ።

መልእክትህን የአክስታችን ልጅ ሚስባህ አዲስ አበባ ዕቃ ሊያመጣ በሄደበት በስልኩ ተቀብሎ፣ በወረቀት አሳትሞ አመጣልኝ። ከስድስት ወር ዝምታ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ ቃልህ ስለሆነ መርሳ ባለው ሱቁ በራፍ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሁለት መስመር «ደህና ናችሁ ወይ» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ገጽ ተኩል ስለ ወይኑ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ከሳተላይት በተነሣው ፎቶ ላይ ሦስተኛው መደብ አረንጓዴ ሆኖ መታየቱን፣ መጠማት የነበረበት እሱ መሆኑን፣ አስተማሪህ ፕሮፌሰሯም እንደተገረሙ ጽፈሃል። ቀጥለህም «ሦስተኛውን መደብ ማን አጠጣው?» ብለህ ጠየቅከኝ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ላሟን ከሰማይ ሆኖ የሚጠብቅ ግን አንተን አየሁ። ማሳው አረንጓዴ መሆኑን ካየህ ውሃ የሚሸከም ሰው በሕይወት አለ ማለት አይደለም ወይ? እሱን እንዴት አልጠየቅህም?

የባሰው የመጨረሻው ነው። እስከ መጋቢት ማብቂያ ድረስ የጎደለው ልኬት ካልተሟላ የስፔኖቹ ኮሚቴ መንደራችንን ግራናን ከምርምሩ ያወጣታል፣ በመስከረም ለስልጠና ወደዚያ የምመጣበት የእኔ ቦታም አብሮ ይቀራል ብለሃል። ይህን መንገርህ ደግ ነው። ነገር ግን «ከአምናው ቁጥር እየገመትሽ ሙይው፣ በጦርነት መሐል ማን ይመረምራል» ብለህ ጨመርክበት። ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኳት። ሚስባህ «ምነው፣ ክፉ ወሬ ነው እንዴ?» አለኝ። አይደለም አልኩት።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልንገርህ። ያንን መሬት ለምርምሩ ስንሰጥ አባባ ወይኑ ለመጠጥ የሚሆን ከሆነ አላስነካም ብለው ሼኹ ዘንድ ድረስ ሄደው መጠየቃቸውን አትረሳም። ለምግብና ለዘቢብ ነው ተብሎ ነው የተስማሙት። ሦስት መደብ ሆነ። የመጀመሪያው እስኪጠግብ የሚጠጣ፣ ሁለተኛው ግማሽ የሚያገኝ፣ ሦስተኛው ደግሞ መሬት ውስጥ የተቀበረው መለኪያ «በቃ፣ ሊሞት ነው» እስኪል ድረስ የሚጠማ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የፕሮጀክቱ ቀን ሠራተኞች ተከሏቸው። የሦስተኛውን አርባ ችግኝ ግን አንተና አባባ ናችሁ በእጃችሁ የተከላችሁት። የተጠማ ወይን ሥሩን ያጠልቃል፣ ፍሬውም ይጣፍጣል ያልከው አንተ ነህ። የውሃ እጥረት ላለበት ለእንዲህ ዓይነቱ አገር ትልቅ እውቀት ይገኝበታል አልክ። እኔም የግብርና ባለሙያ ነኝና አመንኩህ። ዛሬም አምንሃለሁ።

አባባ ግን በልባቸው አልተቀበሉትም። ስልጠናው «ትክክለኛ ግብርና» እንደሚባል ስነግራቸው «የኛ ታዲያ የሐሰት ግብርና ኖሯል?» ብለው ሳቁ። አንተ ከሄድክ በኋላ በየሳምንቱ ማሳው ዳር ይቆሙና «ይሄኛው ምን አጥፍቶ ነው የሚጠማው?» ይሉኛል። እየተፈተነ ነው እላቸዋለሁ። «ሰው ይፈተናል፣ ተክል ምን ብሎ ይፈተናል?» ይሉና ይሄዳሉ። ነገር ግን አንድም ቀን እጃቸውን አላስገቡም። መለኪያው ላይ የምትበራውን አረንጓዴ መብራት እንኳ በርቀት ነበር የሚያዩዋት።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወደኛ ሲመጣ እኔ ልጆቹን ይዤ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደድኩ። ያንተ ቁጥር ያለበት ስልኬም በመንገድ ጠፍቶ ቀረ። አባባና እማዬ ቤታችንን ጥለን አንሄድም አሉ። ለምኜ ለምኜ ሲያቅተኝ፣ በመጨረሻ በር ላይ ለአባባ ስለ ራሳቸውና ስለ ከብቶቹ መናገር ሲገባኝ፣ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? «አደራ፣ ወይኑን» አልኩ። ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው ሲደነግጥ አፉ የመጣለትን ይናገራል። ጎርፍ ወይም ከብት እንዳያበላሸው ለማለት ነበር። አባባ የሰሙት ግን አደራ የሚለውን ነው። ለእሳቸው አደራ አማና ነው፤ ከተሸከሙት የሚወርደው ለባለቤቱ ሲያስረክቡት ብቻ ነው።

በጥር ስመለስ ምን እንዳገኘሁ ስማ። ውሃውን ከጉድጓድ የሚስበው የሶላር ፓምፕ የለም። የጠብታ መስኖው ጎማ ተቆራርጦ ተወስዷል። መለኪያዎቹን አባባ ራሳቸው ነቅለው ከበረት ሥር ቀብረዋቸዋል፤ መብራት ብልጭ የሚል ዕቃ ማሳ ላይ የተገኘበት ሰው ወሬ ታቀብላለህ ቢባል ማን ያስጥለዋል? የመጀመሪያው መደብ፣ ጠግቦ ያደገው፣ ግማሽ በግማሽ ደርቋል። ሁለተኛውም ከእሱ እምብዛም አይሻልም። ሦስተኛው ግን አርባውም ቆሟል፣ ቅጠሉ ለምልሟል። በደስታ ፈንታ የሦስት ዓመት ልኬት ውሃ በላው ብዬ አሰብኩ።

ኡበይ፣ አሁን የምነግርህን ነገር ከራሴ ጋር ስታገል ነው የሰነበትኩት። አባባን ተቆጣኋቸው። ከአምስት ወር በኋላ በሕይወት ያገኘኋቸውን አባቴን፣ ገና እጃቸውን ስሜ ሁለት ቀን ሳይሞላ፣ ማሳው መሐል አቁሜ «ማን አጠጡት አለዎት? ሁሉን ነገር አበላሹት እኮ» አልኳቸው። ጋሽ ንጉሴ፣ የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ ከቦዩ ማዶ ሆነው ይሰሙኝ ነበር። አባባ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወደ ቤት ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ወይኑ አይሄዱም። ስለ ወይኑ ስናወራ ተነሥተው ይወጣሉ።

በዚያው ሰሞን የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ኤርሚያስ፣ ወልድያ ከተማ ላይ የአንድ ቀን ስልጠና አለ ብሎ ጠራን። ልጁ ቅን ነው፣ በእሱ አልፈርድም። ለሃያ ሰዎች የእርጥበት መለኪያ እንዴት እንደሚስተካከል በወረቀት ላይ ባለ ሥዕል አስተማረን፤ አንድ እንኳ መለኪያ በአዳራሹ አልነበረም። ከሰማይ ሆኖ ማሳ የሚያይ ድሮን ፎቶ ሲያሳየን አንዲት ከቆቦ በኩል የመጡ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ፣ አልተመለሱም። ለምን እንደወጡ ሁላችንም ገባን። ሲያበቃ «ያገኙትን እውቀት በማሳዎ ላይ በምን ያህል ተግብረዋል? ከአንድ እስከ አምስት ያክብቡ» የሚል ቅጽ ሰጡን። አንድ ኮፍያም ተሰጠኝ። በሚኒባስ ስመለስ ኮፍያዋን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ስፔኖቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ አውቃለሁ። በየወሩ የሚያስቡልን፣ ስለ እኛ የሚጨነቁ ናቸው። ችግሩ ጭንቀታቸው ሁልጊዜ በቅጽ ነው የሚደርሰን። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ በኛ ላይ ደግሞ ቅጽ በዛብን።

መልእክትህን ይዤ የገባሁ ዕለት ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የሰላምታውን ክፍል ስታዳምጥ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሦስተኛውን መደብ ማን አጠጣው» የሚለው ጋ ስደርስ ግን እጇን አነሣችና «ቆይ» አለችኝ። ወደ ጓዳ ገብታ ከጤፉ ጎታ ጀርባ አንድ የድሮ የወተት ዱቄት ጣሳ አወጣች። ውስጡ ከአሮጌ ነጠላ ተቀድደው የተቋጠሩ አሥራ አንድ ትናንሽ ቋጠሮዎች አሉ። አንዱን ስፈታው ጠጠር ነው። ሌላውም ጠጠር ነው።

እማዬ የነገረችኝ እንዲህ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ፓምፑ ስለሌለ ወይኑ ሁሉ መጠውለግ ጀመረ። አባባ ለሁሉም እንደማይበቁ አወቁ። «ሌላውን የተከለው ፕሮጀክቱ ነው፤ ይሄን ግን ልጄ ነው የተከለው» አሉ። የወይኑ መሬት ከቦዩ በላይ ስለሆነ የመስኖ ተራ እንደሌለው ታውቃለህ። የውሃ አባት ፊት ቀርበው አዲስ ተራ ቢጠይቁ የሌላውን ገበሬ ድርሻ መንካት ነውና አልጠየቁም። የራሳቸውን የሽንኩርት ተራ ለሁለት ከፈሉ። ግማሹን ለሽንኩርቱ ለቀቁ፣ ግማሹን ከቦዩ ዳር በቆፈሯት ጉድጓድ አጠራቅመው በጀሪካን እያደረጉ፣ አህያዋ ስትኖር በአህያ፣ አህያዋ ከተወሰደች በኋላ በትከሻቸው ወደ ላይ አወጡት። ጉልበታቸው ከየት እንደታመመ አሁን ገባህ? ጋሽ ንጉሴም ተከትለው አይተዋቸዋል። «ከተራው በላይ አንድ ጣሳ አልወሰደም፤ ሽንኩርቱ ዓይኑ እያየ ደረቀበት» ብለው መስክረውልኛል።

አንድ ጀሪካን ወደ ላይ ሲወጣ አንድ ጠጠር ኪሳቸው ይከታሉ። ጁምዓ ሲመጣ የሳምንቱን በአንድ ጨርቅ ቋጥረው ጣሳው ውስጥ ያስቀምጣሉ። እማዬ «ለማን ነው የምትቆጥረው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። «ኡበይ ሲመጣ አጠጣኸው ወይ አይለኝም፣ ስንት አጠጣኸው ነው የሚለኝ» አሏት። ስልክ በሌለበት፣ ከሰው ወሬ በማይሰማበት በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ከወይኑ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው የሚሏት ነገር አንድ ብቻ ነበር አለችኝ። «ልጁ ደህና ነው፤ ቅጠል አውጥቷል» ይሏታል። እሷም አልሐምዱሊላህ ብላ ራት ታቀርባለች። ከአንተ የሰማነው ወሬ ያ ብቻ ነበር፣ ኡበይ።

እንግዲህ ጥያቄህን መለስኩልህ። ሦስተኛውን መደብ ያጠጣው ማን እንደሆነ አወቅህ።

እማዬ ስትጨርስ ጠጠሮቹን ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኳቸው። ጀሪካኑ ያ ባለ ሃያ ሊትሩ ቢጫ ነው፣ ሁልጊዜም እሱው። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ስምንት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሃያ ሃያ፣ ከዚያ አሥራ ስድስት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ፣ አሥራ ዘጠኝ። በስምንተኛው አህያዋ ተወሰደችና ዘጠኝ ብቻ ነው። በአሥረኛው አሥራ አራት፣ በአሥራ አንደኛው ሃያ አንድ። ሲደመር መቶ ሰባ ዘጠኝ ጀሪካን ለአርባ ተክል። ፊደል ያልቆጠሩ አባታችን፣ ከባድ መሣሪያ በሚያጓራበት አገር፣ መለኪያው ከበረት ሥር ተቀብሮ፣ ሳምንት በሳምንት ልኬት ይዘውልሃል። ይህ ያሰብከው የጥማት ልኬት አይደለም። ግን አንድ ገበሬ ያለ ፓምፕ፣ በትከሻው፣ ስንት ውሃ ቢያገኝ አርባ ወይን ማዳን እንደሚችል ይናገራል። ፕሮፌሰሯ ይህንን ለማወቅ የማይፈልጉ ከሆነ ምርምሩ ለማን እንደሆነ እኔ አልገባኝም።

ስለዚህ ከአምናው ገምቼ አልሞላም። እውነቱን በሰንጠረዥ ጽፌዋለሁ፣ የሁለቱን መደብ መድረቅም፣ የሦስተኛውን መጠጣትም፣ ማን እንዳጠጣውም። ደብዳቤው በፖስታ እስኪደርስህ ቀን ስለሚፈጅ ሰንጠረዡን ሚስባህ አዲስ አበባ ሲደርስ ፎቶ አንሥቶ ቀድሞ ይልክልሃል። ለኮሚቴው እንዳለ ስጥ፣ አንድ ቁጥር እንዳትነካ። ግራናን ቢያወጧትም፣ የመስከረሙ ቦታዬ ቢቀርም ይቅር። አልዋሽህም፣ በጣም ነው የምፈልገው። ልጆቼን ለእማዬ ትቼ ለመምጣት ልቤን አዘጋጅቼ ነበር። በአባባ ትከሻ ላይ በተሠራ ውሸት ግን አልመጣም።

ከአባባ ጋር ገና አልታረቅንም። በማግስቱ እግራቸው ላይ ወድቄ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልኳቸው። «ምን አጥፍተሽ?» አሉኝ፣ ነገሩን ዘጉት። አንተ ግን ልታስከፍታቸው ትችላለህ። መርሳ ላይ ስልክ ሰሞኑን መሥራት ጀምሯል፤ ግራና ገና ነው። ከዚህ በኋላ ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ አባባን ይዤ ሚስባህ ሱቅ እቀመጣለሁ። ቁጥሩን ከሰንጠረዡ ጋር ይልክልሃል። እስክትደውል ድረስ በየሳምንቱ እንመጣለን። ስትደውል ስለ ሳተላይቱና ስለ ፕሮፌሰሯ እንዳታነሣባቸው። ስንት አጠጡት ብለህ ብቻ ጠይቃቸው።

እማዬ ዱአዋን ልካልሃለች፣ ሁለት ካልሲ አይበቃም፣ ሦስት አድርግ ብላሃለች። አብዱልሐሊም በብዙ ሰላም ይልሃል፤ ከአንተ ጋር የጀመረውን የኳስ ክርክር አልረሳም። ልጆቹ አጎታችን በረዶ ላይ ተራምዶ ያውቃል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ጋሽ ንጉሴና ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን ብለዋል፤ እትዬ አሰለፈች ወይኑ ሲያፈራ የመጀመሪያውን ዘለላ ለፍስለታ ጾም ፍቺ ልትሰጣቸው ቃል እንደገባህላቸው አስታውሽልኝ ብለውኛል። ሚስባህ ሰላም ብሎሃል፣ የሳሙና ዋጋ በስፔን ስንት ነው ይልሃል። አብረውህ ላሉት ልጆች ሁሉ፣ ለፕሮፌሰሯም ሳይቀር፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ፖስታው ውስጥ አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ ታገኛለህ። ከላይ ቁጥሮቹን ስጽፍልህ ዘጠነኛውን ሳምንት ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ ቋጠሮዋ የዚያ ሳምንት ናት። የኅዳር መጨረሻ ነበር፣ ሳምንቱን ሙሉ ተኩስ ስለነበረ ማንም ከቤቱ አልወጣም። ብትፈታት ምንም አታገኝባትም፤ አባባ ባዶዋንም በጁምዓዋ ቋጥረው ከሌሎቹ ጋር አስቀምጠዋታል። ትናንት ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ሲያውቁ ከጣሳው መርጠው በእጄ አስያዙኝ። «የዚህን ሳምንት አፉ ይበለኝ በይው» አሉኝ።

እህትህ ሁሪያ

ግራና፣ ሐብሩ
የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.